ለእሽቅድምድም ትራክ የሚሆነው የቱ ነው? ፖርሼ ጂቲ3፣ ቴስላ ፕሌድ እና ሃዩንዳይ አዮኒክ 5 ኤን

ፈጣን መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው የፈረስ ጉልበቱን ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ይጠየቅ የምለው ሙቀቱን ነው። አስፋልት ላይ የትኛውም ሱፐርካር ፈጣን ነው። ትራክ ላይ ግን በየዙሩ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ፍሬን ይያዛል። ያ ሁሉ ጉልበት ዲስኩ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ዙር ላይ መኪናው ማንነቱን ያሳያል።

ሱሉልታ አካባቢ ለምንኖር ደግሞ የከፍታው ነገር አለ። 2,700 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ሞተርም፣ ራዲያተርም፣ ፍሬንም የሚያገኙት አየር ያነሰ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ፖርሼ 911 ጂቲ3 ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ በኃይል የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ባለ 4.0 ሊትር ሞተር አለው። 510 የፈረስ ጉልበት ያወጣል፣ በደቂቃ እስከ 9,000 ዙር ይሽከረከራል። ክብደቱ 1,435 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። ጀርመን ያለውን 20.8 ኪሎ ሜትር የኑርበርግሪንግ ትራክ ከ7 ደቂቃ በታች ዞሮታል። የሞተር ዘይቱ ለብቻው በጋን ስለሚቀመጥ ኩርባ ላይ ወደ አንድ ጎን ሸሽቶ ሞተሩን አያደርቀውም። ከፋብሪካ ሲወጣ ለትራክ ታስቦ የተሠራ መኪና ነው። ቱርቦ ስለሌለው ግን ሱሉልታ ላይ ጉልበቱ ከ400 በታች ይወርዳል። ቱርቦ ያላቸው የተሻለ ይቋቋማሉ፤ ሳስቶ የመጣውን አየር ለማካካስ ግን ቱርቧቸው ይበልጥ ይለፋል፣ ይበልጥም ይግላል።

በኤሌክትሪክ የሚሠራው ቴስላ ሞዴል ኤስ ፕሌድ 1,020 የፈረስ ጉልበት አለው። የሞተሩን ጉልበት ከፍታ አይቀንሰውም። ችግሩ ከ2,100 ኪሎ በላይ መመዘኑ ነው። መደበኛ ፍሬኑ ይህን ክብደት ከዚያ ፍጥነት ደጋግሞ ለማቆም አቅም ያንሰዋል። ኩባንያው ራሱ በኋላ ለትራክ የሚሆን የካርቦን ሴራሚክ ፍሬን ለብቻው መሸጥ ጀምሯል። ያንን የማይጨምሩ ከሆነ ፕሌድን ለትራክ አይግዙ።

አዮኒክ 5 ኤንም ኤሌክትሪክ ነው። 2,200 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ እሱም ከባድ ነው። ልዩነቱ ፍሬን ሲያዝ የሥራውን ትልቅ ድርሻ ሞተሩ ራሱ መሥራቱ ነው። ጉልበቱን ወደ ባትሪው ይመልሳል፣ ሸራውና ዲስኩም ይተርፋሉ። ከመነሳትዎ በፊት ባትሪውን ለትራክ በሚስማማ ሙቀት የሚያዘጋጅ ቁልፍም አለው። 650 የፈረስ ጉልበቱ ከፕሌድ በብዙ ያንሳል፤ ዙሩ ሲደጋገም ግን እኔ የምተማመነው በእሱ ነው። ባትሪው ትራክ ላይ ቶሎ እንደሚያልቅ ግን ይወቁ።

የፍሬን ዘይት የሚባለውን ነገር ማንም ልብ አይለውም። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል። እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን 155 ላይ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ በውስጡ እንፋሎት ይፈጠራል፣ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይለሰልስና ወለል ድረስ ይወርዳል። ያኔ የፈረስ ጉልበት አያድንም። ትራክ ከመግባትዎ በፊት ዘይቱን ያስቀይሩ። ይሄ ከማንኛውም ማስዋቢያ በላይ ዋጋ አለው።

የካርቦን ሴራሚክ ዲስክ ክብደቱ ከብረቱ ይልቅ ቀላል ነው፣ ሙቀትም ይችላል። ትራክ የሚያዘወትሩ ብዙ የጂቲ3 ባለቤቶች ግን የብረት ዲስክ ይመርጣሉ፣ የሴራሚኩ መተኪያ በጣም ውድ ነውና። መለዋወጫ ከውጭ አስመጥቶ መጠበቅ ለለመደ የአዲስ አበባ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ታዲያ የቱን ይግዙ? መኪናው እዚህ የሚቆም ከሆነ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ምርጫው ኤሌክትሪክ ነው፤ እኔ አዮኒክ 5 ኤንን እላለሁ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ባለው ረጅም ቁልቁለትም ይጠቅምዎታል። ቁልቁለት ከመጀመርዎ በፊት ግን ባትሪውን መቶ በመቶ አይሙሉት፤ ከሞላ የሚመለሰውን ጉልበት የሚቀበልበት ቦታ የለውም። መኪናው ዱባይ ሆኖ በዱባይ አውቶድሮም የሚነዳ ከሆነ ያለ ጥርጥር ጂቲ3።

የሱሉልታን መንገድ ግን መሞከሪያ አያድርጉት። ማለዳ አትሌቶቻችን የሚሮጡት እዚያው ዳር ነው።

ያገለገለ ጂቲ3 ካገኙ፣ ሞተሩ ከልኩ በላይ ስንቴ እንደዞረ ኮምፒውተሩ መዝግቦ ይይዛልና ንባቡን ሳያዩ አይክፈሉ። ዲስኩ ላይ ሰማያዊ ቀለም ወይም የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካለ ደግሞ ዋጋው ላይ ይደራደሩ፤ ሻጩ ትራክ ገብቶ አያውቅም ቢልዎትም አይመኑት።