ጎንደር ላይ ምን ከየት ልግዛ? የአምስት ሳምንት የሸመታ ልምዴ

ከ9 ዓመት በኋላ ጎንደር ገብቼ አምስት ሳምንት እናቴ ቤት ተቀመጥኩ። የገባሁት ታኅሣሥ አጋማሽ፣ የነቢያት ጾም ሳይፈታ ነው፤ የተመለስኩት ጥምቀት ካለፈ በኋላ። እናቴን ጉልበቷን ስለሚያማት የቤቱ ሸመታ ሙሉ በሙሉ እኔ ላይ ወደቀ። ውጭ እንደለመድኩት ሁሉንም ከአንድ ሱፐርማርኬት ገዝቼ ልገባ አስቤ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ተውኩት። ለበዓል መጥታችሁ ቤት ውስጥ የምታበስሉ ካላችሁ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ዋጋውን በብር አልጽፍም። እኔ በነበርኩበት ጊዜ እንኳ ሽንኩርት ሦስት ጊዜ ወጣ ወረደ፤ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ቲማቲም በአንድ አዳር ይወደዳል። የሚጠቅማችሁ የትኛው ቦታ ለየትኛው ዕቃ እንደሚሻል ማወቁ ነው።

ፒያሳና ማራኪ አካባቢ ያሉት ሱፐርማርኬቶች ንጹሕ ናቸው፣ ደረሰኝ ይቆርጣሉ፣ ልጆቹም ትሑት ናቸው። ፓስታ፣ ሩዝ፣ የታሸገ ዘይት፣ ሳሙና፣ ዳይፐር ከዚያ ግዙ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ግን ከውጭ የሚገባው ዕቃ ዋጋ ለእኔ ባይከብደኝ ለእህቴ ቤት ከብዷል፤ እሷ የዱቄት ወተቱን ቆርቆሮ አንስታ ዋጋውን አይታ መልሳ ስታስቀምጥ ሳይ አንጀቴ ተላወሰ። መደርደሪያው ላይ የተለጠፈው ዋጋ ቫትን የያዘ መሆኑን ሳትጠይቁ ሒሳብ ቤት አትድረሱ። የማብቂያ ቀኑንም በደንብ አንብቡ። አንዱ ዕቃ በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላው በፈረንጅ ይታተማል፤ 2018 የሚለውን በፈረንጅ ካሰባችሁት ያለፈበት ይመስላችኋል፣ በእኛ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነው። ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. መባሉን ፈልጉ፤ ከሌለ ጠይቁ።

ከፍሪጅ የሚወጣ ነገር ላይ ግን አንድ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ገና ከዋለ በኋላ ለእህቴ ልጆች ብዬ የታሸገ ዶሮ ገዛሁ። የሱቁን ስም አልጠራም። በዚያው ሳምንት መብራት ለረጅም ሰዓት ሲጠፋ ሰንብቷል። ቤት ገብቼ ስፈታው ከረጢቱ ውስጥ በረዶ እንደ ጨው ተጋግሮ፣ ዶሮው ራሱ ከጎን ጠፍጥፎ ደርቋል፤ ቀልጦ እንደገና የረጋ መሆኑ ያስታውቃል። ሲፈላ ሽታው ቤቱን ሞላው። ይዤው ተመለስኩ፤ «ከፋብሪካው እንደዚህ ነው የሚመጣው» ብለው በሌላ ዕቃ ቀየሩልኝ እንጂ ገንዘቤን አልመለሱም። ከዚያ በኋላ ዶሮ ከነሕይወቱ፣ እርጎም ከሰፈር ላም ካላት ሴት ሆነ።

ቅዳሜ ገበያ ላይ ጊዜዬን ብዙ ያጠፋሁ መሆኔን አልክድም። በሌላውም ቀን ይሸጣል፤ ቅዳሜ ግን የገጠሩ ሰው ራሱ ይዞ ስለሚመጣ ዕቃው በስንት እጅ እንዳለፈ ጠይቃችሁ መልስ ታገኛላችሁ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ድረሱ። ከእኩለ ቀን በኋላ የቀረው የተመረጠበት ነው።

ቅቤ ለመግዛት እናቴ ጉልበቷን ተሸክማ ራሷ መጣች፤ ይህን ለእኔ አታምነውም። ከደንቢያ በኩል የመጣች ሴት ቅጠሉን ገልጣ ስታሳያት እናቴ በጣቷ ጫፍ ቆንጥራ በመዳፏ ጀርባ አሸችው፣ እስኪቀልጥ ጠበቀች፣ አሸተተች። ጥሩ ቅቤ ቆዳ ላይ ጠፍቶ ወዝ ብቻ ይቀራል፤ ድንች ወይም የአትክልት ቅባት የተቀላቀለበት ግን ነጭ ፍርፋሪ ይተዋል፣ ወይም ሰም ሆኖ ይጣበቃል። ሁለቱን «ልጄ፣ ይኼ አይደለም» ብላ መለሰች። ሦስተኛው ላይ ዝም አለች፤ ገዛን። ለጋውን ለቡላና ለገንፎ፣ በሰል ያለውን ለማንጠር። ቤት ወስዳ ስታነጥረው ከድስቱ ሥር የቀረው ዝቃጭ አንድ ማንኪያ አይሞላም ነበር። በጾሙ መጨረሻ ሁሉም ሰው ለገና ስለሚገዛ ቅቤ ይወደዳል፤ ለማንጠር የሚሆነውን ከሁለት ሳምንት አስቀድሞ የገዛ አተረፈ።

በርበሬን ተፈጭቶ አትግዙ። በሱፐርማርኬት በሚያምር ከረጢት ያለውም ሆነ በገበያ በጆንያ አፉ የተከፈተው፣ ውስጡ ምን እንደተደባለቀ ዓይን አይለየውም። ዛላውን ግዙ። ጆሯችሁ አጠገብ አድርጋችሁ ስትነቀንቁት ፍሬው ከንክ ከንክ ማለት አለበት፤ ዝም ካለ እርጥበት አለው። አንዳንዱ ሚዛን እንዲያነሳ ውሃ ይረጭበታል፤ ያ ደግሞ ሻጋታ ያመጣል፣ ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ ያፈራል፣ ቢፈጭም ቢበስልም አይጠፋም። እኛ ቀንጥሰን፣ ግቢ ውስጥ አስጥተን፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ደልዘን፣ ኮረሪማውንና አዝሙዱን ጨምረን ወፍጮ ቤት ወሰድነው። ድካም አለው፤ ጎረቤቶች ሁሉ ለመቀንጠስ ስለመጡ ግን ከዚያ ቀን የተሻለ ቀን አላሳለፍኩም።

ጤፍ ላይ የእናቴ ቃል አንድ ነበር፤ «አዲሱ ውሃ አያነሳም፣ የከረመውን ፈልጊ»። በታኅሣሥ ገበያው በአዲስ እህል ይሞላል፣ የከረመው ጥቂት ሆኖ በዋጋም ከፍ ይላል። ግማሽ ኩንታል ሰርገኛ ወሰድን። ከመክፈላችሁ በፊት ከጆንያው መሃል እንጂ ከላይ አትዝገኑ፤ በመዳፋችሁ እያሻችሁ እፍ በሉበት፣ ትንሽም በጥርሳችሁ ቆርጥሙ፤ አሸዋ ካለበት ወዲያው ይነግራችኋል።

ሚዛንን በተመለከተ፣ ለሻንጣ ብዬ ያመጣኋት ትንሽ የእጅ ሚዛን ከሁሉ በላይ ጠቅማኛለች። ሰፈር ካለ አንድ ሱቅ 5 ኪሎ ብዬ የገዛሁት ሽሮ ቤት ስሰቅለው 4 ኪሎ ከ600 ግራም ሆነ። ተመልሼ «አያ፣ እስቲ አብረን እንየው» ስላቸው ምንም ሳይሉ ጨመሩልኝ። በጣሳ ስትገዙ ደግሞ የጣሳውን ሥር በጣታችሁ ዳስሱ፤ ወደ ውስጥ የተጎደጎደ ይኖራል።

ሽንኩርት፣ ድንች፣ ቃሪያና ቲማቲም ከጉልት በመደብ መግዛት ይሻላል፤ ሴቶቹ በየቀኑ ስለሚያመጡ አዳሪ የለውም፣ ከአትክልት ቤቱም ይረክሳል። ከፎገራ የመጣውን ሽንኩርት ጠይቁ። የሸማቾች ማኅበር ሱቅ ስኳርና ዘይት ሲመጣ ከሁሉ ይረክሳል፤ ሲመጣ ነው እንግዲህ፣ ለእንግዳ ሰው ደግሞ የአካባቢው ነዋሪዎች ቅድሚያ ስላላቸው አትጠብቁት። የእሁድ ገበያም ለእህል መጥፎ አይደለም።

ዓሣ ከጎርጎራ ጠዋት ይገባል። ዓይኑ የጠራ፣ ጉንጩ ውስጥ ቀይ የሆነውን ምረጡ፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ እኔ አልገዛሁም። በጾም ዓሣ የማይበላበት ቤት ከሆነ እንኳ ሳትገዙ አትለፉ፤ የእኛ ቤት እናቴ አትበላም፣ ለእህቴ ልጆች ግን ትሠራላቸዋለች።

በመጨረሻው ቅዳሜ ለመመለሻዬ ገዛሁ። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፦ በርበሬ፣ ሽሮ፣ የተነጠረ ቅቤ በሁለት ላስቲክ ታሽጎ፣ ጥቁር አዝሙድ። እናቴ ያደረቀችልኝ ቋንጣ ግን ሥጋ ስለሆነ አሜሪካ አይገባም፤ አልቅሳ ነበር። ለእህቴ ሰጠኋት። ሚዛኗንም አብሬ ተውኩላት፤ ባለፈው ሳምንት ስንደዋወል ለጎረቤቱ ሁሉ እያዋሰቻት እንደሆነ ነገረችኝ።