ሲሲኤምቲ ወይስ ሲሲጂቲ? ለማለስለሻ ዙር የትኛው ኢንሰርት ይገዛ

ቶርኖው ደህና ሆኖ ሥራው ሻካራ ከወጣ፣ ጠርዙም እጅ የሚቆርጥ ከሆነ፣ መጀመሪያ የኢንሰርቱን (መያዣው ላይ በብሎን የሚታሰረውን ተቀያያሪ መቁረጫ) ሳጥን አገላብጣችሁ የኮዱን ሦስተኛ ፊደል አንብቡ። «ኤም» (CCMT) ነው ወይስ «ጂ» (CCGT)?

ሲሲኤምቲ በቅርጽ ተጨምቆ የሚሠራ ነው፤ እንዳይሰበር ስለቱ ሆን ተብሎ ትንሽ ደንዘዝ ይደረጋል። ብዙ ብረት ለማንሳት እሱን ውሰዱ። 0.05 ሚሜ ብቻ ሲያስነክሱት ግን መቁረጡን ትቶ ያሻል፤ የተገፋው ብረት ጫፍ ላይ ሲደርስ ታጥፎ ሹል ትርፍ ይሆናል። ሲሲጂቲ ዙሪያውን በድንጋይ የተሳለ ስለሆነ ቀጭኗን ንክሻ በንጽሕና ያነሳል፤ ቀጭን ዘንግንም ብዙ አይገፋም። ለማለስለሻ ያለጥርጥር እሱ ነው።

ውድ ነው? አዎ። ግን ዋጋውን በፍሬ ሳይሆን በጫፍ አስሉት። አንዱ ኢንሰርት ሁለት ጫፍ ስላለው 10 ፍሬ ያለው ሳጥን 20 ጫፍ አለው። ርካሹን ኮፒ ገዝታችሁ ሦስቱ ቢሰነጠቁ የከፈላችሁት ለ14 ጫፍ ነው፤ የሞረድና የብርጭቆ ወረቀት ሰዓቱ ገና አልተቆጠረም። ሁለቱም አንድ ሆልደር (መያዣ) ላይ ስለሚገቡ ሲሲጂቲን ሁለት ሦስት ፍሬ ብቻ መያዝ ይበቃል፤ ሻካራውን ሥራ በኤም ጨርሶ ለመጨረሻው ዙር መቀየር። የተቆራረጠ ወይም ብየዳ ያለበት ሥራ ላይ ግን አታስጠጉት፤ ስለቱ ወዲያው ይሸረፋል።

ለአሉሚኒየም ኮቲንግ (ቅብ) የሌለው፣ ፊቱ የተወለወለው ይገዛ። ቲታኒየም አሉሚኒየም ናይትራይድ የተቀባው ላይ አሉሚኒየሙ ይጣበቅና ላዩን ይቦጫጭረዋል።

ኮፒን በቀለሙ አትለዩት፤ ወርቃማ ቅብ ማንም ይቀባል። በማጉያ መነጽር የጫፉን ክብነት እዩ፣ ከዚያ ብሎኑን ሳታጠብቁ ሆልደሩ ላይ አስቀምጣችሁ በጣት ተጫኑት። ከተነቃነቀ መልሱት። ቀዳዳው መሃል ካልሆነ ደግሞ ብሎኑ ኢንሰርቱን ወደ ጥጉ አይስበውም፤ ሥራው ላይ የሞገድ መስመር ከሚያወጡት አንዱ ይኸው ነው።

ከ02፣ 04 እና 08 የጫፍ ራዲየስ 04ን (0.4 ሚሜ) ምረጡ፤ 08 ቀጭን ሥራን ያንቀጠቅጣል። በ0.4 ሚሜ ራዲየስ ፊዱ (ሥራው አንዴ ሲሽከረከር ኢንሰርቱ የሚጓዘው ርቀት) 0.2 ሚሜ ሲሆን ኢንሰርቱ የሚተዋቸው መስመሮች ከፍታ በስሌት 12.5 ማይክሮን ነው፤ ወደ 0.1 ሲወርድ 3 ገደማ ይሆናል። ፊዱን መቀነስ ገንዘብ አያስወጣም። የጠርዙን ማዕዘን ከመጨረሻው ዙር በፊት በትንሹ በሰያፍ ስበሩት፤ የሚቀረውን ትርፍ ሞረድ አንዴ ሲነካው ይጠፋል።