ሲኤምኤፍ ክሊሪንግሃውስ፦ ኮከቡ የሚመዝነው ጥናቱን ነው

አንድ የመንገድ መሥሪያ ቤት አዲስ አሠራር ሞክሮ «ሕዝቡ ምን ተጠቀመ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ የደኅንነቱን ድርሻ ለማስላት ከሁሉ በፊት ሊከፈት የሚገባው ድረ ገጽ ሲኤምኤፍ ክሊሪንግሃውስ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ሀይዌይ አስተዳደር የሚደግፈው ነፃ የመረጃ ቋት ሲሆን፣ ጥናቶች ለየመንገድ ማሻሻያው ያገኙትን የአደጋ ማባዣ (በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ሲኤምኤፍ) በአንድ ቦታ ሰብስቧል። ማባዣው 0.80 ከሆነ፣ ማሻሻያው ባይኖር ይደርስ የነበረው አደጋ በ20 በመቶ ይቀንሳል ተብሎ ይጠበቃል። ከ1 ከበለጠ አደጋው ይጨምራል ማለት ነው። እንዲህ ያሉ ደስ የማያሰኙ ውጤቶችም አብረው መመዝገባቸው የቋቱ ትልቁ ብርታት ነው።

ፍለጋው ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። የማሻሻያውን ስም ብቻ የጻፈ ሰው እርስ በርስ የሚጋጩ ብዙ ቁጥሮች ይመጡለታል። በአደጋው ዓይነት፣ በጉዳቱ ደረጃ፣ በገጠርና በከተማ፣ በመጋጠሚያው ዓይነትና በትራፊኩ መጠን ማጥራት ግድ ነው። አደባባይን እንውሰድ፦ ይኸው አስተዳደር ለሞትና ለአካል ጉዳት አደጋዎች ያሳተመው ቅናሽ፣ በሁለት አቅጣጫ ብቻ የ«ቁም» ምልክት የነበረው መጋጠሚያ ወደ አደባባይ ሲለወጥ 82 በመቶ፣ የትራፊክ መብራት የነበረው ሲለወጥ 78 በመቶ ነው። ይህን ቁጥር ንብረት ብቻ የሚጎዱ ግጭቶች ባሉበት ጠቅላላ ድምር ላይ ማባዛት ጥቅሙን ያጋንናል።

ኮከቦቹ ከ1 እስከ 5 ናቸው፤ በብዛት የሚሳሳቱባቸውም እነሱው ናቸው። የሚመዝኑት የጥናቱን ንድፍ፣ የናሙናውን ስፋትና የውጤቱን አስተማማኝነት እንጂ ማሻሻያው ምን ያህል እንደሚሠራ አይደለም። ባለ 5 ኮከብ ጥናት «ለውጥ የለም» ሊል ይችላል። ስለዚህ ከኮከቡ ቀጥሎ የሚታየው መደበኛ ስህተቱ፣ ማለትም ግምቱ ምን ያህል ሊዋዥቅ እንደሚችል የሚያሳየው ቁጥር ነው፤ በ1.96 ተባዝቶ ከማባዣው ሲቀነስና ሲደመር እውነተኛው ቁጥር በ95 በመቶ እርግጠኝነት ይገኝበታል የሚባለውን ወሰን ይሰጣል። ማባዣው 0.80፣ ስህተቱ 0.06 ቢሆን ወሰኑ ከ0.68 እስከ 0.92 ነው፤ ቅናሽ አለ ማለት ይቻላል። ስህተቱ 0.15 ሲሆን ግን ከ0.51 እስከ 1.09 ይሰፋል። 1 በመካከል ስለገባ በዚህ ቁጥር ለሕዝብ ጥቅም ቃል መግባት አይገባም።

ቋቱ የማይሰጠው ነገር መነሻው፣ ማለትም ማሻሻያው ባይኖር በቦታው ይደርስ የነበረው የአደጋ ብዛት ነው፤ ብዙ ሪፖርት የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። መሥሪያ ቤቶች ማሻሻያ የሚያደርጉት አደጋ በበዛበት ቦታ ነው። በአጋጣሚ የበዛው አደጋ ደግሞ ምንም ሳይነካ ወደ አማካዩ ይመለሳል፤ ይህ ተፈጥሯዊ ቅናሽ ለማሻሻያው ይቆጠርለታል። መድኃኒቱ የተመዘገበውን አደጋ ከሞዴል ትንበያ ጋር በክብደት የሚያጣምረው የኤምፒሪካል ቤይስ ስሌት ነው። በ3 ዓመት 12 አደጋ ተመዝግቦ፣ ተመሳሳይ ቦታዎች ላይ የተመሠረተው ሞዴል 6 ቢተነብይና የሞዴሉ የስርጭት ልኬት (ቦታዎች ከትንበያው ምን ያህል እንደሚለያዩ የሚያሳየው ቁጥር) 0.5 ቢሆን፣ የሞዴሉ ክብደት 1 ÷ (1 + 0.5 × 6) = 0.25 ይሆናል። የሚጠበቀው አደጋ 0.25 × 6 + 0.75 × 12 = 10.5፣ በዓመት 3.5 ነው። ማባዣው 0.80 ሲሆን በዓመት የሚቀንሰው 0.7 አደጋ ነው። መዝገቡን በቀጥታ የወሰደ 0.8 ይጽፍ ነበር። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም፣ በመቶ ቦታዎችና በ20 ዓመት ሲባዛ አንድን ፕሮጀክት ከሌላው ያስቀድማል።

ሁለት ማሻሻያዎች አብረው ሲገቡ 0.80 × 0.90 = 0.72 ብሎ ማባዛት የተለመደ ነው። ሁለቱም አንድ ዓይነት አደጋ የሚከላከሉ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሁለቱም ከመንገድ መውጣትን፣ ውጤቱ ይጋነናል፤ ያኔ አደጋን ይበልጥ የሚቀንሰውን ማሻሻያ ማባዣ ብቻ መያዝ ይሻላል።

የጉዞ ጊዜ፣ ነዳጅና ብክለት እዚህ የሉም፤ ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋቸዋል። አብዛኞቹ ጥናቶች የአሜሪካ መንገዶችን የሚመለከቱ ስለሆኑም፣ እግረኛና ሞተር ሳይክል በሚበዛበት አገር ቁጥሮቹን እንዳሉ መውሰድ አይቻልም። ጥቅሙ ወደ ገንዘብ ሲለወጥ ደግሞ የወደፊቱ ገንዘብ ወደ ዛሬ ዋጋ የሚመለስበት የቅናሽ ተመን በግልጽ ይጻፍ፦ ለ20 ዓመት በየዓመቱ የሚገኝ 1 ብር ጥቅም ዛሬ በ3 በመቶ 14.88፣ በ7 በመቶ 10.59 ብር ያወጣል።

ለዕቅድ ግምት ቋቱን ያለ ማመንታት እንመክራለን፤ ለተጠናቀቀ ሥራ ግን የራስን መለኪያ አይተካም። የግንባታውን ወራት አውጥቶ ከበፊቱም ከበኋላውም ቢያንስ 3 ዓመት መያዝ፣ ያልተነኩ ተመሳሳይ ቦታዎችንም ለንጽጽር ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በሪፖርቱ ላይ ደግሞ የተጠቀሙበት ማባዣ በቋቱ ያለው መለያ ቁጥር ይጻፍ፤ ያለሱ ስሌቱን ሌላ ሰው ሊፈትሸው አይችልም።