የዘይት ማጥመጃ ጣሳ፦ ባዶው፣ ሽቦ ያለው ወይስ ማጣሪያው የሚቀየረው?

የዘይት ማጥመጃ ከሞተሩ ሆድ ወጥቶ ወደ አየር ማስገቢያው በሚሄደው ጋዝ መስመር ላይ የሚገጠም፣ ከጋዙ ዘይቱን የሚያስቀር ጣሳ ነው። ሁለት ማጥመጃዎች ጎን ለጎን ቢቀመጡ ከውጭ ለመለየት ያስቸግራሉ። ሁለቱም የሚያብረቀርቁ የአሉሚኒየም ጣሳዎች ናቸው፤ ሁለቱም መግቢያና መውጫ አፍ አላቸው። ክዳናቸው ሲፈታ ግን አንደኛው ባዶ ነው፤ የሌላው ሆድ በግድግዳ የተከፋፈለና ጥቅጥቅ ባለ የማይዝግ ሽቦ የተሞላ ነው። ገዢ ማየት ያለበት ይህንን ነው፤ ሻጩ ክዳኑን ሊያስፈታችሁ ካልፈለገ አትግዙ።

ከዚያ በፊት ግን ሞተራችሁን እወቁ። ሞተር ሲሠራ ጥቂት ጋዝ በፒስተን ቀለበቶች በኩል ሾልኮ ዘይት ወዳለበት ክፍል ይወርዳል። ከዚያም የዘይት ብናኝ ይዞ ይህን ጋዝ በሚያስተነፍሰው ፒሲቪ በሚባል ቫልቭ በኩል ወደ አየር ማስገቢያው ይሳባል። ቤንዚን ከማስገቢያ ቫልቮች ጀርባ በሚረጭበት ሞተር ነዳጁ ራሱ ቫልቮቹን ስለሚያጥባቸው ጣጣው ቀላል ነው። ነዳጅ በቀጥታ ወደ ሲሊንደር በሚረጭበት ሞተር ግን አጣቢ የለም፤ ዘይቱ በጋለው ቫልቭ ላይ እየተጋገረ ጠንካራ ካርቦን ይሆናል። ውሎ አድሮ ሚኒሞው፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት፣ ይዋዥቃል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። እንደ ቶዮታ ዲ-4ኤስ ሁለቱንም የአረጫጨት ዘዴ የያዙ ሞተሮች አሉ፤ የእነዚህ ባለቤቶች ገንዘባችሁን ለሌላ ነገር ብታውሉት ይሻላል።

ባዶው ጣሳ ርካሽ ነው፤ እኔ ግን ለማንም አልመክረውም። ጋዙ በአንዱ አፍ ገብቶ በሌላው ሲወጣ የሚቀረው ትልልቁ ጠብታ ብቻ ነው፤ እንደ ጭጋግ የረቀቀው ዘይት ሳይነካ ያልፋል። ሽቦ ያለው ጣሳ ግን ጋዙን ያዘገየዋል፣ አቅጣጫውንም ያስቀይረዋል። ረቂቁ ዘይት ከሽቦው ጋር እየተላተመ ይጠራቀምና ወደ ታች ይንጠባጠባል። ለቤንዚን ሞተር ምርጫዬ ይህ ነው። ጣሳው ቀዝቀዝ ሲል የተሻለ ስለሚያጠምድ ከቱርቦውና ከጭስ ማውጫው ራቅ ብሎ ይታሰር።

ለናፍጣ ሞተር ደግሞ ማጣሪያው የሚቀየረውን እመርጣለሁ፤ የማን ኤንድ ሁመል ፕሮቬንት 200 የዚህ ዓይነት ነው። በናፍጣ ሞተር ተመልሶ የሚገባው የጭስ ጥቀርሻ ከዘይቱ ጋር ሲቦካ የአየር መግቢያውን እንደ ሬንጅ ይደፍነዋል፤ ስለዚህ ረቂቁን ዘይት መያዝ ዋጋ አለው። ማጣሪያው ቢደፈን ግፊቱን የሚያስተነፍስ ቫልቭም አለው። ዕዳው ማጣሪያውን በጊዜው መቀየር ነው።

በአናቱ ላይ ትንሽ ማጣሪያ ያለውና ጋዙን ወደ ውጭ የሚለቀው ክፍት ጣሳ ለመንገድ መኪና አይሆንም። ሽታው ወደ ተሳፋሪው ይገባል፣ ብዙ አገሮችም በብክለት ሕጋቸው ይከለክሉታል። ቱርቦ ላለው መኪና ስትገዙ ደግሞ አንድ ነገር አጥብቃችሁ ጠይቁ፦ ቱርቦው ሲነፋ ጋዙ የሚወጣው በሌላ መስመር፣ ወደ ቱርቦው መግቢያ ነው። አንዱን መስመር ብቻ የሚይዝ ጣሳ ሥራው ግማሽ ነው።

ቱቦውን አትናቁ። ለራዲያተር ውኃ የተሠራ ጎማ ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ ይልማል፤ ዘይት የሚችልና ሲሳብ የማይጨማደድ ቱቦ ይሁን። ከታች መክፈቻ ያለው ጣሳ ከሚፈታው ይሻላል፤ ለማራገፍ የማያስቸግር ጣሳ በየጊዜው ይራገፋልና። የእኔን መጀመሪያ ስከፍተው የወጣው ንጹሕ ዘይት አልነበረም፤ ውኃና ቤንዚን የተቀላቀለበት፣ የሚሰነፍጥ ቡናማ አተላ ነበር። ይህ ሁሉ ወደ ቫልቮቹ ሲሄድ የኖረ ነው። በብርድ ወቅት ውኃው ስለሚበዛ ቶሎ ቶሎ አራግፉ፤ በረዶ ሆኖ መስመሩን ከዘጋው ግፊቱ የሞተሩን ማሸጊያዎች ገፍቶ ዘይት ያስፈስሳል።

ማጥመጃው አዲሱን ካርቦን ይቀንሳል እንጂ የተጋገረውን አይፍቅም። ቫልቮቹ አስቀድመው ከጠቆሩ በዋልነት ቅርፊት ድቃቂ በአየር ግፊት አስጠርጓቸው፤ ጣሳው ከዚያ በኋላ ይገጠም። ከአንድ ወር በኋላ ሞተሩ ጠፍቶ ሲበርድ የመውጫውን ቱቦ ንቀሉና በነጭ ጨርቅ ውስጡን ጥረጉት። ጨርቁ ዘይት ጠጥቶ ከወጣ ጣሳው እያሳለፈ ነው፤ ወደ ሻጩ መልሱት።