ፎርማት ሳያደርግ የሰው ሁሉ ሂሳብ ያተረፈልኝ ልጅ

ሰላም ወገኖች። ዛሬ አንድ ሰው ሳላመሰግን፣ ለእናንተም ሳልጠቁም ብተኛ እንቅልፍ አይወስደኝም።

የሂሳብ ሰራተኛ ነኝ። ቤቴ ሆኜ የነጋዴዎችን መዝገብ እይዛለሁ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ልጆቼን ያሳደግኩት በዚሁ ስራ ነው። የምሰራው በድሮው ፒችትሪ፣ በሂሳብ መያዣው ፕሮግራም ነው። ሴጅ ከተባለ ስንት ዓመቱ፣ እኛ ግን ዛሬም ፒችትሪ ነው የምንለው። አዲሱ ዊንዶውስ ላይ አልሄድልኝ ሲል ወንድሜ ቨርቹዋል ማሽን የሚባል ነገር ጫነልኝ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር አለ ማለት ነው። አሮጌው ዊንዶውስ ከነፒችትሪው እዚያ ውስጥ ይኖራል። ዓመታት ያለ ችግር ሰራሁበት።

ጥቅምት ገባ። ደረጃ ሀ ግብር ከፋዮች፣ ትልልቆቹ ማለት ነው፣ እስከ ጥቅምት 30 ግብራቸውን ማሳወቅ አለባቸው። ይህ ወር ለእኛ ምን እንደሆነ ሙያው ውስጥ ያለ ያውቀዋል። በዚህ መሃል መብራት ሄዶ መጣ። ኮምፒውተሩ ተነሳ፣ ቨርቹዋል ማሽኑ ግን እምቢ አለ። ስታርት ስለው ረጅም የእንግሊዝኛ ጽሁፍ ያወጣና ቀጥ ይላል። የሰው ሁሉ ሂሳብ እዚያ ውስጥ ነው!

መጀመሪያ የወሰድኩባቸውን ቦታዎች ስም አልጠራም፤ እግዜር ይይላቸው። አንዱ ገና ሳይከፍተው "ፎርማት ነው የሚያስፈልገው" አለኝ፤ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ማለት ነው። ዳታዬስ ስለው "ከተገኘ ተገኘ" ብሎ ወደ ስልኩ ዞረ። ሌላው አሳድሮ "ሃርድ ዲስኩ ሞቷል፣ አዲስ ግዢ" አለ። ለምርመራ ብሎም ገንዘብ ተቀበለኝ። ያ ሞተ የተባለው ዲስክ ይኸው ዛሬም እየሰራ ነው። እስካሁን ያንገበግበኛል። ምን ሆኖ ነው የጀመረው ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም።

በመጨረሻ አንዲት ደንበኛዬ መገናኛ አካባቢ ወዳለ ልጅ ላከችኝ። ሱቁ በጣም ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ከተቀመጠ ሶስተኛው ደጅ ይቆማል። ልጁ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ከዚያ "እህቴ፣ ምንም ከመንካቴ በፊት ፋይልሽን ላስቀምጥልሽ" ብሎ ቨርቹዋል ማሽኑን እንዳለ ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ገለበጠው። እየተገለበጠ ሳለ ስክሪኑ ጥግ ላይ ወዳለችው ሰዓት ጠቆመኝ። "ይሄ ቀን ከመቼ ጀምሮ ነው የተሳሳተው?" ሳየው ስንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል! ያ ሁሉ ሰው ሲነካካው ማንም አላየውም።

ኬዙን ፈታና ከማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታክል ባትሪ አወጣ። እሷ ካለቀች መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ሰዓቱንም ሴቲንጉንም ይረሳል አለኝ። ቨርቹዋል ማሽን እንዲነሳ የሚፈቅደው ሴቲንግም አብሮ ጠፍቶ ኖሯል። ባዮስ ምናምን ብሎ የቀረውን አስረዳኝ፤ እሱ አልገባኝም። አዲስ ባትሪ አደረገ፣ ሲነሳ አንድ ገጽ ውስጥ ገብቶ የሆነ ነገር አበራ፣ ከዚያ ማውሱን ወደ እኔ ገፋ አደረገ። "አንቺው ክፈቺው።"

ከፈትኩት። አሮጌው ዊንዶውስ መጣ። ፒችትሪ መጣ። መብራት ከመሄዱ በፊት የመዘገብኩት የመጨረሻው ደረሰኝ እንኳን ቦታው ላይ ነበር። እዚያው አለቀስኩ። ልጁ ደንግጦ ሻይ አዘዘልኝ።

ስንት ልክፈል ስለው የባትሪዋን ዋጋና ትንሽ የእጅ ብቻ ጠየቀኝ። ልጨምርልህ ብል በፍጹም አለ። ይልቅ "የገለበጥኩልሽን ከኮምፒውተሩ ጋር አንድ ቦታ እንዳታስቀምጪው" ብሎ መከረኝ። እንዲህ ያለ ባለሙያ ይብዛልን፣ ያሳደጉህ ይባረኩ!

እባካችሁ፣ ኮምፒውተራችሁ እምቢ ሲል ፎርማት ላላችሁ ሰው ሁሉ አትስጡ። መጀመሪያ ይሄን ልጅ አሳዩት። በተለይ የሂሳብ ሰራተኞች፣ እባካችሁ እሱን አሳዩት። ስልኩን በአደባባይ መለጠፍ ስላልፈለግኩ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ለሁላችሁም እልካለሁ። እሁድ አይከፍትም።