ባለፍሬ የጥጃ ቆዳ ቦርሳ ከ14 ወር በኋላ

ቦርሳው ገላው ደቃቅ ፍሬ ፍሬ ያለው ጥቁር ቡናማ የጥጃ ቆዳ ነው። እጀታዎቹ ቀለም ያልተቀቡ፣ በዕፅዋት የለፉ ናቸው። በሳምንት አምስት ቀን ተይዞ 14 ወር ሞልቶታል።

ገላው ላይ ጭረት አለ፤ ግን በፍሬዎቹ መሃል ስለሚጠፋ ፈልጎ ላላየው አይታይም። እጀታዎቹ የገለባ መልክ ነበራቸው፤ አሁን ማር መስለዋል። ይህ እድፍ አይደለም፣ ፀሐይና የእጅ ቅባት የሰጡት ወዝ ነው። ደግሞም ያምራል! በሁለቱም እጅ እያፈራረቁ መያዝ ወዙ እኩል እንዲወጣ ያደርጋል።

እውነተኛው ጉዳት ሌላ ቦታ ነው። ወደ ሰውነት የሚዞሩት ሁለቱ የታች ጥጎች በእርምጃ ሁሉ ከዳሌ ጋር ስለሚፋተጉ ቀለማቸው ሳስቷል። እጀታው ከቀለበቱ በሚገናኝበት ላይም የጠርዙ ቀለም ተሰንጥቋል። ምክንያቱ ክብደት ነው፤ ላፕቶፕና የውኃ ጠርሙስ አብረው ሲገቡ ቆዳው እዚያችው ነጥብ ላይ ደጋግሞ ይታጠፋል። ላፕቶፑ የራሱን ቦርሳ ቢያገኝ ይሻላል። ስንጥቁን በላዩ ላይ መቀባት አያድነውም፤ ባለሙያ አሮጌውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ በስሱ ደራርቦ መቀባት አለበት።

ሳይሳቀቁ ለመያዝ ዋናው ነገር የቆዳው ምርጫ ነው። የፈረንሳዩ ፋሽን ቤት ሻኔል «ካቪያር» የሚለው ባለፍሬ የጥጃ ቆዳ ለየቀኑ ይመቻል፤ የጠቦት ቆዳው ግን በጥፍር ይጫራል። ከሌላው የፈረንሳይ ፋሽን ቤት ከኤርሜስ ቆዳዎችም «ቶጎ» የሚባለው ባለፍሬ ነው፤ ቦክስ የሚባለው ልሙጡ ጭረትን ሁሉ ያሳያል። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ቆዳ ስስ ሆኖ ጠንካራ በመሆኑ ለጓንት ተወዳጅ ነው፤ ለከባድ ጭነት ቦርሳ ግን የጥጃ ይመረጣል። ፈዛዛ ቀለም የሚወዱ ከአዲስ ጂንስ ይጠንቀቁ፤ ሰማያዊው ቆዳው ውስጥ ከገባ አይለቅም።

እንክብካቤው ቀላል ነው። በሳምንት አንዴ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ መወልወል፤ በዓመት ሁለቴ አንድ ፍሬ አተር የምታህል የቆዳ ቅባት ጨርቅ ላይ አድርጎ፣ መጀመሪያ ታች ሞክሮ፣ ገላውን መቀባት። ቀለም ያልተቀቡት እጀታዎች ላይ አይሁን፤ ያጠቁራቸዋል። የሕፃን ዋይፕስና ቫዝሊን ይቅሩ። ዝናብ ቢመታው ሳይፈትጉ ውኃውን በጨርቅ መጥጦ፣ ነጭ ወረቀት ጠቅጥቆ፣ ከፀሐይና ከምድጃ ርቆ አንድ ቀን ማሳደር ይበቃል። የጋዜጣ ቀለም ገበሩን ስለሚያቆሽሽ ጋዜጣ አይሆንም።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ጠላት ሳኒታይዘር ነው። አልኮሉ ሳይደርቅ እጀታውን መያዝ የቆዳውን ገጽ ያጠቃል፤ እጅ እስኪደርቅ ግማሽ ደቂቃ ያህል መታገሥ ነው። ክረምት ላይ ደግሞ ፌስታል ውስጥ የተዘጋ ቦርሳ ይሻግታል፤ የጥጥ ከረጢት ውስጥ፣ ሳይንጠለጠል፣ ቆሞ ይቀመጥ።