ጢስ የሌለው ወይባ፦ ስለ ታጣፊው የቤት ስቲም

ከኮሮና ወዲህ እቤቴ የገባውን የስፖርትና የራስ መጠበቂያ ዕቃ ሁሉ ብደረድረው ሳሎኑ አይበቃም። መዝለያ ገመዱ አለ። ላስቲኩ አለ። የስፖርት ምንጣፉም አለ፣ አሁን ልጆች ይንከባለሉበታል። ዛሬ የምጽፈው ግን መጨረሻ ላይ ስለመጣው ነው። ከሁሉም የበለጠ ቦታ የያዘው እሱ ነው፤ ከሁሉም የበለጠ የምጠቀመውም እሱን ነው። ታጣፊው የቤት ስቲም።

ላላያችሁት ላስረዳ። ወፍራም ጨርቅ የመሰለ ነገር በሽቦ ተወጥሮ የተሠራ ትንሽ ድንኳን ነው። ውስጡ ብርማ ነው። ወንበር ታስገባላችሁ፣ ትቀመጣላችሁ፣ ዚፑን እስከ አንገት ትዘጋላችሁ። ጭንቅላት ብቻ ውጭ ይቀራል። በግራና በቀኝ እጅ ማውጫ አለው፣ ስልክ መነካካት ለማይተው ሰው መሆኑ ነው። ውሃ ማፍያዋ ከድንኳኑ ውጭ ትቀመጣለች። የኔዋ ሁለት ሊትር ያህል ትይዛለች። እንፋሎቱ በቱቦ ይገባል፣ ደቂቃውንና ኃይሉን በሪሞት ትመርጣላችሁ።

እናቴ ከኮምቦልቻ ልትጠይቀን መጥታ እዚያ ውስጥ ተቀምጬ ስታየኝ መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ "ይሄማ ወይባ ነው እኮ! ጢሱን ምን በላው?" አለችኝ።

እውነቷን ነው። የወሎና የትግራይ ሴቶች ይህን አቀማመጥ ከጥንትም ያውቁታል። የወይባው እንጨት ጉድጓድ ውስጥ ይጨሳል፣ ሴትየዋ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ አናቷን ብቻ አውጥታ ትቀመጣለች። ለሙሽራ ነው፣ ለአራስ ነው፣ ወገቤን ለምትልም ነው። ልዩነቱ ወይባ ቆዳ ላይ ቀለሙንና ሽታውን ይተዋል። የኔው ድንኳን የሚተወው ላብ ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደግሞ የፕላስቲክ ሽታ። እሱ እስኪለቅ ሰው ሳይገባበት ባዶውን በእንፋሎት ደጋግማችሁ አስኪዱት።

እዚህ ዕቃ ላይ ያደረሰን ኮሮና ነው ብል አላጋነንኩም። ከዚያ በፊት እኔ የጂም ሰው ነበርኩ። እውነቱን ለመናገር የስቲም ሰው ነበርኩ። ትሬድሚሉ ላይ ትንሽ ረገጥ ረገጥ አድርጌ ወደ ስቲሙ ክፍል ነበር የምሮጠው። ወሬው እዚያ ነው፣ የሰርጉ ዜና እዚያ ነው፣ የቤት ሠራተኛ የሚገኘውም እዚያ ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ታማሚ አገራችን ውስጥ መገኘቱ ተነገረ። በዚያው ወር መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጣ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ቀረ፣ መጨባበጥ ቀረ፣ "ሁለት የአዋቂ እርምጃ" የሚባል ነገር ለመድን። ጂሙም ተዘጋ። የተዘጋ እርጥብ ክፍል ውስጥ ከማይታወቅ ሰው ጋር ተጠጋግቶ መተንፈስ የሚለውን ሳስበው ራሱ ያስፈራኝ ጀመር።

ያኔ ነው ሁሉም ሰው በየቤቱ መታጠን የጀመረው። ድስት ውሃ ይፈላል፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ጤና አዳም፣ ዝንጅብል ይጨመርበታል፣ ነጠላ ተከናንቦ ማጎንበስ ነው። የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ሁሉ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይሸት ነበር። ሐኪሞች እንፋሎት ቫይረሱን አይገድልም ብለው ነግረውናል፣ እኛ ግን ታጠንን። እኛ ብቻም አይደለንም። በእንግሊዝ አገር የበርሚንግሃም የሕፃናት ሆስፒታል ሐኪሞች በዚያው ዓመት ማስጠንቀቂያ ጽፈው ነበር፤ ሲታጠኑ የፈላ ውሃ ተደፍቶባቸው የሚቃጠሉ ልጆች በዝተውባቸው። እኔም ልጆች እያሉ ድስት ላይ ማጎንበሱን ያን ጊዜ ነው የተውኩት።

ለዚህ ታጣፊው ስቲም ይሻላል። የፈላው ውሃ ክዳን ባለው ማፍያ ውስጥ ነው፣ ያውም ከእናንተ ርቆ። አንድ ተጠንቀቁ የምለው ነገር ግን አለ። ቱቦው ወደ ድንኳኑ የሚገባበት አፍ በጣም ይሞቃል፣ የሚገኘውም ልክ እግር አጠገብ ነው። እኔ ፎጣ አጥፌ በእግሬና በቱቦው መሃል አኖራለሁ። ከቱቦው አፍ ላይ ቅጠል የሚጨመርባት ትንሽ ሳጥን አለች። ጤና አዳም ሞክሬባታለሁ፣ ሽታው ጥሩ ነው። ባሕር ዛፍ ግን በዛ አድርጌ ስጨምር ዓይኔን አቃጠለኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ቴሌግራም ላይ የሚሸጡት ሰዎች "ለሳንባ፣ ለሳይነስ፣ ለጉንፋን" ብለው ይለጥፉታል። ወገን፣ አፍንጫችሁ እኮ ውጭ ነው! የምትተነፍሱት የሳሎኑን አየር ነው። በኮሮና ጊዜ እንፋሎት የፈለግነው ለትንፋሽ ነበር፣ ይህ ዕቃ ደግሞ ከአንገት በላይ አይመለከተውም። ጉንፋን የያዘው ሰው ይህን ገዝቶ ምንም አያተርፍም። በዚያው ልክ ጥቅሙም እዚሁ ላይ ነው። ቀዝቃዛ አየር ስለምትስቡ አትታፈኑም፣ ከጂሙ ስቲም የበለጠ ትቆያላችሁ። ያ ክፍል ውስጥ ቶሎ ልቤ ጥፍት ይል ነበር፣ እዚህ ግን ሻይ እየጠጣሁ እቀመጣለሁ።

"ኪሎ ይቀንሳል" የሚለውንም እርሱት። የወጣው ላብ ነው፣ ላብ ውሃ ነው፣ አንድ ጆግ ስትጠጡ ሚዛኑ ወደ ቦታው ይመለሳል። መጠጣቱ ደግሞ ግዴታ ነው።

ታዲያ ምን ይጠቅማል? ለኔ የእግር ጉዞ ማግስት ነው። ኮሮና ጂሙን ሲነጥቀን ሰፈራችን ጎህ ሲቀድ መራመድ ጀመረ። መጀመሪያ ሁለት እርምጃ ተራርቀን፣ ማስክ አገጫችን ላይ አንጠልጥለን። ታላቁ ሩጫ ራሱ በ2013 ከለመድነው ኅዳር ወደ ጥር በተገፋበት ዓመት እኛ ኮንዶሚኒየሙን እየዞርን ነበር። ዛሬ ጂሞቹ ተከፍተዋል፣ እኛ ግን አልተመለስንም። ትከሻ ለትከሻ ሆነን እያወራን እንዞራለን፣ የስቲሙ ክፍል ወሬ በሙሉ ወደ አስፋልቱ ወጥቷል። ዳገት የበዛበት ቀን ጭኔና ወገቤ ይያያዛሉ። ማታ ድንኳኑ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ስቀመጥ ይፈታታኛል። እንቅልፌም እንደ ሕፃን ነው። ከዚህ በላይ ተአምር አልጠብቅበትም።

አሁን ጣጣው። አንደኛ መብራት ነው። እንጀራ ምጣድ ተጥዶ ስቲሙን ከሰካችሁ ብሬከሩ ይወርዳል፣ ቢያንስ የኔ ቤት ይወርዳል። ስለዚህ እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ስቲም የለም። ሃይል እየበራ እየጠፋ በሚያስቸግርበት ማታም አልሰካውም፣ ማፍያዋ ትቃጠልብኛለች ብዬ እፈራለሁ። ውሃው ደግሞ እኛ ሰፈር በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ዕቃው ግን ብዙ ውሃ ስለማይፈልግ ከጀሪካን ይበቃዋል። ችግሩ ውሃችን ማፍያዋ ታች ነጭ ነገር ይጋግርባታል። በአቼቶ አፍልታችሁ ድፉት፣ ይለቃል።

ሁለተኛ ማድረቁ ነው። ስትጨርሱ ወለሉ ይረጥባል፣ የድንኳኑም ታች ውሃ ያቁራል። ሳይደርቅ ካጠፋችሁት ይሻግታል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስትከፍቱት ሽታው አያስቀምጥም። ስለዚህ እንዳለ ተዘርግቶ ያድራል፣ ባለቤቴም ቴሌቪዥኑን በድንኳኑ ጎን አንገቱን አስግጎ ያያል። በረንዳ ሰፋ ያለ ቤት ያለው ሰው ይህ ጭንቀት የለበትም። ስቱዲዮ የሚኖር ግን ከመግዛቱ በፊት ያስብበት።

አብሮት የሚመጣው ታጣፊ ወንበር አይረባም። ጨርቁ ይሰምጥና ወገብ ያሳምማል። እኔ በፕላስቲክ ዱካ ቀይሬዋለሁ። መመሪያው በቻይንኛ ብቻ ነው፣ ልጄ በስልኩ ካሜራ ነው የተረጎመልኝ።

ዋጋው ከአሥር ሺህ ብር በላይ ወስዶብኛል። ውድ ነው፣ ግን ውጭ ስቲምና ሞሮኮ ባዝ በየሳምንቱ ለምትሄድ ሴት ብዙ ሳይቆይ ይመልሳል። በዓመት ሁለቴ ለምትሄድ ግን አይመልስም፤ ሄዳ ብትታጠብ፣ ብትታሽ፣ ብትጫወት ይሻላታል። ጀርባ የሚፈትገው ሰው ከዕቃው ጋር አይመጣም።

እርጉዝ ሴት፣ የልብ ሕመም ወይም ግፊት ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ እንዳይገባ። እናቴን ግፊት ስላለባት አላስገባኋትም፣ ተቀይማኛለች። ብቻችሁን ቤት ስትሆኑም ባትጠቀሙ ጥሩ ነው። የምትገዙት ዚፕ ደግሞ ከውስጥም የሚከፈት መሆኑን አረጋግጡ፣ ከውጭ ብቻ የሚከፈት አይቻለሁ።

ለመግዛት ከወሰናችሁ ገንዘቡን በቴሌብር አስቀድማችሁ አትላኩ። ዕቃው ሲመጣ ያመጣው ልጅ ፊት ውሃ ጨምራችሁ ሰኩት፣ እንፋሎቱ በቱቦው ሲወጣ እዩ፣ ዚፑን ከላይ እስከ ታች ሳቡት። ልጁ "እቸኩላለሁ" ይላችኋል። ቡና ስጡትና ይጠብቅ።